የጠፈር ተፈናቃዮች በደሴ ሚዛን

«ባትልስታር ጋላክቲካ» አዲስ ተከታታይ ፊልም አይደለም። «አዲሱ» የሚባለው ራሱ ካለቀ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ደሴ ላይ ግን ዛሬም ያጨቃጭቃል። ፍላሽ ጫኝ ልጆች ዘንድ ሄዳችሁ ጠፈር ላይ ጦርነት ያለበት ነገር ስጡን ብትሉ፣ ከሚከፍቱላችሁ ፎልደሮች አንዱ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው አያልቅም። አንዱ ፊልሙ ፊልም የነበረው እስከ ሁለተኛው ሲዝን ብቻ ነው ይላል። ሌላው ሦስተኛውን ያላየ ምንም አላየም ባይ ነው። የመጨረሻው ክፍል ከተነሳማ ቡናው እስከ በረካ ድረስ ይዘልቃል።

እኛ አካባቢ በደንብ የታየው ከ2015 ክረምት ወዲህ ይመስለኛል። ያኔ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ዩቲዩብ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ለወራት ያለው ከሃርድ ዲስክ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ የሚዘዋወር ነገር ብቻ ነበር። ከ70 በላይ ክፍል ያለው ፊልም ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ስንቅ ነው።

የሚያስቀው፣ የፊልሟ ዋና መርከብ ከጥፋት የተረፈችው ኔትወርክ ስለሌላት ነው። ጋላክቲካ አሮጌ የጦር መርከብ ናት። ጡረታ ወጥታ ሙዚየም ልትሆን፣ በሥነ ሥርዓቱ ቀን ጠላት መጣ። አዛዡ ኮምፒውተሮቿ እርስ በርስ እንዳይገናኙ ከልክሎ ነበር። ስልኳ ባለ ሽቦ ነው። ዘመናዊዎቹን መርከቦች ጠላት በሶፍትዌራቸው በኩል ገብቶ ባንዴ አጠፋቸው። እሷ ቀረች። አዛዡ አዳማ ይባላል። አዎ፣ አዳማ። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ይስቃል፣ ከዚያ ይለመዳል።

ላላየ ሰው ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። የሰው ልጅ 12 ፕላኔቶች ላይ ይኖራል። ራሱ የሠራቸው ሮቦቶች፣ ሳይሎኖች፣ ድሮ አምፀውበት ጦርነት ተካሂዷል። ከዚያ 40 ዓመት ዝም አሉ። ሲመለሱ ግማሾቹ ሰው መስለው ነው። በአንድ ቀን ቢሊዮኖች አለቁ። የተረፈው በየመርከቡ የነበረ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነው። አገር የለውም፣ መሬት የለውም። ምድር የምትባል ፕላኔት አለች የሚል ተስፋ ይዞ ይሸሻል። አራቱም ሲዝን ሽሽት ነው።

ይህ ሐሳብ መጀመሪያ የተሠራው በ1978 ነው። (ስለ ፊልሙ የማነሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛው በኛው።) ግሌን ላርሰን የሚባል ሰው ለኤቢሲ ቴሌቪዥን ሠራው። «ስታር ዋርስ» ሲኒማ ከወጣ ዓመት ያለፈው ነበርና ኮርጃችኋል ተብሎ ክስም ተመሥርቶበታል። የመጀመሪያው ክፍል በሚተላለፍበት ምሽት ደግሞ የካምፕ ዴቪድ ስምምነት ሊፈረም ሆነና ፊልሙ ተቋርጦ ካርተር፣ ሳዳትና ቤጊን ቀረቡ። ዕድሉ እንዲህ ነበረ። አንድ ሲዝን ቆይቶ ቆመ። የወደዱት ግን ያኔ ልጆች ነበሩ፤ ልጅ የወደደውን አይረሳም።

በታኅሣሥ 2003 ሮናልድ ሙርና ዴቪድ ኤይክ እንደ አዲስ ጀመሩት። ስሙንና አጽሙን ወሰዱ፣ ሌላውን ጣሉት። የሚያብረቀርቅ ልብስ የለም። ካሜራው እንደ ጦር ሜዳ ዜና ይንቀጠቀጣል። ሰዎቹ ይሰክራሉ፣ ይዋሻሉ፣ አልጋቸው ጠባብ ነው። ተከታታዩ እስከ መጋቢት 2009 ዘለቀ። ፒቦዲ የተባለውን ትልቅ ሽልማት አገኘ። ሊያልቅ ሰሞን አዘጋጆቹና ተዋናዮቹ ኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተጋብዘው ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ ጦርነት ተወያይተዋል። ለሮቦት ፊልም ትንሽ አይደለም።

ፈረንጅ አገር ያለው ጭቅጭቅ ግን መጀመሪያውኑ ስለ ታማኝነት ነበር። አሮጌውን የሚወዱት ከዳችሁት አሉ። አዲሱን የሚወዱት አሮጌው ቀሽም ነበር አሉ። እኛ ጋ አሮጌውን በልጅነቱ አይቶ የሚናፍቅ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ያ ቅሬታ አይነሳም። እዚህ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ከቤት ወጥቶ መሸሽን ያውቁታል ወይ? በኔ ግምት ይህ የተሻለው ጥያቄ ነው። ፊልሙም በዚህ ሲመዘን ፈረንጆቹ የወደቀበት ነው የሚሉት ቦታ ላይ ሁሉ አይወድቅም፣ ያለፈበት ነው የሚሉት ቦታ ላይም ሁሉ አያልፍም።

ስታርባክ ሴት ሆነች፤ ታዲያስ?

የመጀመሪያው ጠብ ስለ አንዲት አብራሪ ነው። በ1978ቱ ስታርባክ ወንድ ነበር። ሲጋር የሚያጨስ፣ ካርታ የሚጫወት፣ ሴት የሚያሳድድ ወጠምሻ። ዲርክ ቤኔዲክት ነበር የሠራው። በአዲሱ ኬቲ ሳክሆፍ ሠራችው። ሲጋሩም ካርታውም አብሮ መጣ። ቤኔዲክት ተናደደና ወንድነትን ሊያኮላሹ ነው የሚል ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ብዙ አድናቂም አብሮት ጮኸ።

ደሴ ላይ ይህንን ስታወራ ሰው ግራ ይጋባል። ሴት ተዋጊ ምኑ ነው የሚገርመው? የመቅደላ አገር ሰው ስለ ወርቂት ሳይሰማ አያድግም። ወርቂት የወሎ ገዢ ነበሩ። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው እጃቸው ገቡ። የራሳቸው ልጅ ደግሞ መቅደላ ላይ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ነበር። ምኒልክን አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸውን ለማትረፍ መደራደር ይችሉ ነበር። አልሰጡም፤ አሳለፏቸው። ቴዎድሮስም ልጁን ገደሉት። ይህንን እየሰማ ላደገ ሰው የስታርባክ ሱሪ ጉዳይ አይሆንም። እንዲያውም ከፊልሙ ገጸ ባሕርያት ለወርቂት የምትቀርበው ስታርባክ ሳትሆን ፕሬዚዳንቷ ሎራ ሮዝሊን ናት። በየክፍሉ እንደዚያ ያለ ምርጫ ነው የሚቀርብላት።

ይልቅ ፈረንጆቹ ብዙም ያልጮኹበትን ነገር እዚህ ቶሎ የሚያየው ሰው አለ። በ1978ቱ ፊልም ከመርከቧ ዋና መኮንኖች ሁለቱ ጥቁሮች ነበሩ። ምክትል አዛዡን ኮሎኔል ታይን ቴሪ ካርተር፣ አብራሪውን ቡመርን ኸርብ ጄፈርሰን ሠርተዋቸዋል። በአዲሱ ታይ ነጭ ሆነ። ቡመር እስያዊት ሴት ሆነች፤ ግሬስ ፓርክ ደግሞ ግሩም አድርጋ ሠርታታለች። የቀረችው ዱዋላ ናት፤ ደቡብ አፍሪካ የተወለደችው ካንዲስ መክሉር። አብዛኛውን ጊዜ ሬድዮ ላይ ተቀምጣ ትእዛዝ ታስተላልፋለች። በመጨረሻው ሲዝን ራሷን ታጠፋለች። ለአንዱ ገጸ ባሕርይ ጾታ ያ ሁሉ ቀለም ሲፈስ፣ ስለዚህኛው የተባለው ጥቂት ነው። ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ የመጨረሻው ክፍል ላይ ሂሳቡ ይመጣል።

ከአሮጌው ፊልም ሰዎች አንዱ ሪቻርድ ሃች ለየት ይላል። ዋናው አክተር እሱ ነበር። ታሪኩ ካቆመበት እንዲቀጥል ዓመታት ደክሟል፣ ከኪሱ አውጥቶ ማስታወቂያ ፊልም እስከ መሥራት ደርሷል። አዲሱ ሲመጣ መጀመሪያ ተቃወመ። በኋላ ግን ገባበት። ቶም ዛሬክ የሚባል የፖለቲካ እስረኛ ሆኖ ሠራ። ከሁሉም የማይጨበጠው ሰው እሱ ነው፤ ስለ ነፃነት ሲናገር ታምነዋለህ፣ ከዚያ የሚያደርገውን ታያለህ።

ቁጥሩ

ተከታታዩ ሲጀምር ሳይሎኖቹ በየ33 ደቂቃው ይደርሳሉ። መርከቦቹ ይሸሻሉ። ከ33 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይመጣሉ። ከአምስት ቀን በላይ ማንም አልተኛም። ሮዝሊን ከጥፋቱ በፊት የትምህርት ሚኒስትር ነበረች። ከሷ በላይ የነበሩት 42ቱ ባለሥልጣናት ስላለቁ ፕሬዚዳንት ሆናለች። ቢሮዋ ውስጥ አንድ ነጭ ሰሌዳ አለ። የቀረው ሕዝብ ቁጥር ተጽፎበታል። መርከብ በጠፋ ቁጥር አጥፍታ ትጽፋለች። በክፍሉ መጨረሻ ላይ ከመርከቦቹ በአንዱ ልጅ መወለዱ ይነገራታል። ትነሳና አንድ ትጨምራለች።

ይህች ትዕይንት እዚህ የማትነካው ሰው የለም። በ2013 ክረምት ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነበር። ቤተሰብ ይቆጠራል። ዱቄት ሲመጣ እንደገና ይቆጠራል። የጠፋ ልጅ ሲገኝ ዝርዝሩ ይስተካከላል። ቁጥሩን የሚይዙት ደግሞ ብዙ ጊዜ መምህራን ነበሩ። አንድ የማውቀው መምህር ሮዝሊን የምትጽፍበትን ሁኔታ አይቶ ጸሐፊዎቹ ተፈናቃይ መዝግበው ያውቃሉ እንዴ አለ። የእጇን ፍጥነት ነው ያየው። ቁጥሩን ስታጠፋ አትቸኩልም።

ፊልሙ ሌላም የሚያውቀው ነገር አለ። ውሃ። ሁለተኛው ክፍል ላይ የጋላክቲካ የውሃ ታንኮች በፈንጂ ይፈነዱና አብዛኛው ውሃ ወደ ጠፈር ይፈስሳል። ወዲያው ሁከት ይፈራል። ሮዝሊን ወታደር አሰማርቶ ሕዝቡን እንዲቆጣጠር አዳማን ትጠይቀዋለች። እሱም ወታደርና ፖሊስ የተለያዩበት ምክንያት አለ ይላታል። ወታደር ጠላትን ይዋጋል፣ ፖሊስ ሕዝብን ይጠብቃል፤ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ሕዝቡ ራሱ ጠላት ይሆናል ነው ነገሩ። ኮማንድ ፖስት የሚባለውን ነገር የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ፊልሙን አቁሞ መልሶ ያያል። በሁለተኛው ሲዝን አዳማ ቆስሎ ታይ ወታደራዊ አስተዳደር ሲያውጅ ያሰበው አልቀረም። ዕቃ ለመሰብሰብ የተላኩ ወታደሮች አንድ መርከብ ላይ ተኮሱ፤ አራት ሲቪሎች ሞቱ። ተኳሹ ክፉ ሰው አይደለም። ፈርቶ ነው።

የቀረና የሄደ

አሁን ወደ ሦስተኛው ሲዝን። እኔ ራሴ ፊልሙ ከዚህ በላይ የሚሄድበት ቦታ የለም ባይ ነኝ።

ሕዝቡ በሽሽት ሰልችቶ ኒው ካፕሪካ የምትባል ብርዳም ፕላኔት ላይ ይሰፍራል። ድንኳን፣ ጭቃ፣ ጭስ። ባልታር የሚባለው ሳይንቲስት ተመርጦ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ከዓመት በኋላ ሳይሎኖቹ ያገኟቸዋል። ባልታር እጅ ይሰጣል። ጋላክቲካና ጠፈር ላይ የነበሩት መርከቦች ያመልጣሉ። ሌላው በወራሪ ስር ይቀራል። ሳይሎኖቹ ከሰው መሐል ፖሊስ ይመለምላሉ። ፖሊሶቹ ፊታቸውን ሸፍነው ሌሊት ሰው ያፍሳሉ። የተቃውሞው መሪ ታይ ነው። በምርመራ አንድ ዓይኑን አጥቷል። አጥፍቶ ጠፊ ሰው ፖሊሶቹ በሚመረቁበት ቀን ይልካል።

ይህ የታየው በጥቅምት 2006 ነው። ኢራቅ እየነደደች ነበር። የአሜሪካ ቴሌቪዥን አሜሪካዊውን ተመልካች ከተወረረው ወገን አስቀመጠው፤ ቦምብ የሚያጠምዱት የምታውቃቸውና የምትወዳቸው ሰዎች ናቸው። በዚህ የተናደደ አድናቂ ነበር፣ በዚህ ምክንያት የወደደውም ነበር። እስከ ዛሬ የሚጽፉት ሁሉ ስለ ኢራቅ ነው።

ደሴ ላይ ግን ማንም ኢራቅን አያነሳም። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ተመለሱ። ከሳምንታት አያልፍም። ግን በእነዚያ ሳምንታት ግማሹ ሰው በከሚሴ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ወርዶ ነበር፣ ግማሹ ቤቱን ዘግቶ ቀርቶ ነበር። ሲገናኙ አብሽር ተባባሉ፣ ተላቀሱ። ከዚያ ቀስ እያለ ሌላው ነገር መጣ። ለምን ጥላችሁን ሄዳችሁ? ለምን ቀራችሁ? ቀርታችሁስ ማንን አነጋገራችሁ?

ፊልሙ ላይ ልክ እንዲህ ነው። ያመለጡት መርከብ ላይ ሆነው ወፍረዋል፤ የአዳማ ልጅ ሊ እንኳ ቦርጭ አውጥቷል። ከታች የነበሩት ከስተው፣ ዓይናቸው ገብቶ ይመለሳሉ። አንድ መተላለፊያ ላይ ሲተያዩ የሚሉት ያጣሉ። ከዚያ በሚስጥር ስድስት ሰዎች ይሰበሰባሉ። ከሳይሎን ጋር የሠራውን ስም እያነሱ ይፈርዳሉ። የተፈረደበት በሌሊት ተይዞ ወደ ጠፈር ይጣላል። ጃመር የሚባለው ወጣት ፖሊስ ነበር። ለመግደል ከተወሰዱት መሐል አንዲት ሴት በድብቅ አስመልጧል፤ ከስድስቱ ዳኞች የአንዱ፣ የታይሮል፣ ሚስት ናት። አልጠቀመውም።

ጌይታ ደግሞ የባልታር ጸሐፊ ነበር። ሁሉም በወራሪው ቢሮ ሲገባ ሲወጣ አይቶታል። እሱ ግን በድብቅ ለተቃዋሚዎቹ መረጃ ሲያወጣ ቆይቷል። ወረቀቱን የሚያስቀምጠው አንድ ሰፈር ውስጥ ነው። መረጃ መኖሩን ለማሳወቅ የውሻ ሳህን ገልብጦ ይሄዳል። ማን እንደሚያነሳው አያውቅም። የሚያነሳውም ማን እንዳስቀመጠው አያውቅም። አሁን በጉልበቱ ተንበርክኳል፣ ሊጥሉት ነው። አይለምንም። በጭቅጭቁ መሐል ስለ ውሻው ሳህን ያነሳል። ከዳኞቹ አንዱ፣ ታይሮል፣ ቀጥ ይላል። ሲያነሳ የነበረው እሱ ነው።

በዚህ ትዕይንት ላይ የሚደረገው ክርክር ነው ለኔ ከፊልሙ የሚበልጠው። አንዳንዱ እውነት ወጣች ብሎ ይደሰታል። ያ መምህር ወዳጄ ግን አልተደሰተም። ታይሮል በዚያ ሌሊት ተረኛ ባይሆንስ ነው የሚለው። ጌይታ የዳነው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ ትክክለኛው ሰው ክፍሉ ውስጥ ስለነበረ ነው። ሌላ አንድ ነጋዴ ደግሞ በጃመር ላይ አይራራም። ጭንብል ያጠለቀ ሰው አንዲት ሴት በማዳኑ የወሰዳቸው ሌሎች አይመለሱም ባይ ነው። ሁለቱ ከዚህ አልፈው ስለ ፊልም እያወሩ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ማንም ግን ስም አይጠራም። ፊልሙ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ በራስ ሰፈር ስም ሊባል የማይችለው በጌይታ ስም ይባላል።

የታይ ሚስት ኤለን ጉዳይ ላይ ደግሞ ወንዶቹና ሴቶቹ ይለያያሉ። ባሏን ከእስር ለማስፈታት ገላዋን ሰጠች። በኋላ እንዳይገድሉት ብላ የተቃዋሚዎቹን መገናኛ ቦታ አሳወቀች። ታይ ይህንን ሲያውቅ በገዛ እጁ መርዝ አጠጣት። ያነጋገርኳቸው ወንዶች ከባድ ነው ግን ሌላ ምን ሊያደርግ ይላሉ። ሴቶቹ አይቀበሉም። እሱ በሷ ዋጋ ወጥቶ ነው የሚፈርድባት ይላሉ። እኔ ከሴቶቹ ጋ ነኝ።

ሮዝሊን ሥልጣን ስትመለስ ምሕረት ታውጃለች። ሁሉም ነገር ተዘጋ። ግን ጌይታን ይቅርታ የጠየቀው አልነበረም። እንደ ድሮው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከሲዝን በኋላ ይህ ጸጥተኛ ሰው ጋላክቲካ ላይ አመፅ መርቶ በጥይት ይረሸናል። ፈረንጅ አገር ጌይታ ከየት አመጣው፣ ባሕርይው ተበላሸ ያሉ ነበሩ። እዚህ እንደዚያ የሚል አልሰማሁም። የምሕረት አዋጅ ስለ ተነበበ ሰው ያንን ሌሊት ይረሳል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

መርከቧን ወደ ፀሐይ

ወደ ማለቂያው እንሂድ፤ ዋናው ጠብ እዚያ ነው። ያላየ ካለ እዚህ ላይ ይውረድ።

በመጨረሻ ምድርን ያገኛሉ። የኛዋን ምድር፣ ከ150 ሺህ ዓመት በፊት። የሚያርፉት አፍሪካ ነው። ሞታ የተመለሰችው ስታርባክ ሜዳ ላይ እያወራች በድንገት ትጠፋለች። ማን እንደነበረች አይነገርም። ለባልታርና ለአንዲት ሳይሎን ሲታዩ የነበሩት ሰዎችም ከአምላክ የተላኩ ሆነው ይገኛሉ። ፈረንጁ አድናቂ በዚህ ነው ያበደው። ስድስት ዓመት በሳይንስ ስትመራን ቆይተህ መጨረሻ ላይ ፈጣሪ ነው ያደረገው ትለናለህ ወይ?

እዚህ ይህ ቅሬታ አይነሳም ማለት ይቻላል። አንዱ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም ያለበት አገር ነው። ፈጣሪ በታሪክ ውስጥ እጁ አለበት ቢባል የሚደነግጥ የለም። ይልቅ መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ ብዙ አማልክት፣ ሮቦቶቹ አንድ አምላክ ማምለካቸው ነው ግር የሚለው። እኔ የስታርባክን መጥፋት አልወድም፣ ግን በፈጣሪ ምክንያት አይደለም። ጸሐፊዎቹ መልስ ስላልነበራቸው ነው የሚመስለው። በየክፍሉ መክፈቻ ሳይሎኖቹ «ዕቅድ አላቸው» የሚል ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ዕቅዱን ያየ የለም።

እዚህ ሰው የማይዋጥለት ሌላኛው ነው። 40 ሺህ የማይሞላው ሕዝብ ምድር ላይ ሲያርፍ መርከቦቹን ሁሉ በራሱ ፈቃድ ወደ ፀሐይ ይሰዳል። መድኃኒቱን፣ መሣሪያውን፣ መብራቱን። እንደ አዲስ እንጀምር ነው። ሐሳቡን ሊ ያመጣል፣ ሁሉም ይስማማል። ላምፕኪን የሚባለውን ጠበቃ ሰዉ መቀበሉ ይገርመዋል፤ አዳማ ግን ሰው እንደ አዲስ ለመጀመር ያለውን ጉጉት አትናቅ ብሎ ያልፈዋል። ፈረንጆቹም በዚህ ስቀዋል፤ እነሱ የሚሉት ግን ቴክኖሎጂ መጣል ሞኝነት ነው ነው። የኛ ሰው የሚለው ይህንን የጻፈ ሰው ተሰዶ አያውቅም ነው። በ2014 ከደሴ የወጣ ሰው የብረት ድስት ክዳን ይዞ ወጥቷል። ድስቱ ቤት ቀርቶ ክዳኑን። ፍራሽ ተሸክሞ ኮምቦልቻ የደረሰ አለ። ባዶ ጀሪካን ማንም አልጣለም። ከአራት ዓመት ሽሽት የተረፈች እናት የልጇን አንቲባዮቲክ ወደ ፀሐይ ትልካለች ብሎ ማመን ያስቸግራል። አንድ ሰው እንኳ እምቢ ሲል አይታይም። ዱዋላን፣ ጌይታን፣ ኤለንን የጻፉ እጆች ይህንን መጻፋቸው ያናድዳል።

ያልኩት ሂሳብ እዚህ ጋ ነው። ከጠፈር የመጡት ሰዎች አፍሪካ ላይ ነባር ሰዎች ያገኛሉ። ነባሮቹ ቋንቋ የላቸውም ይባላል። ከሳር ጀርባ ከሩቅ ይታያሉ። መጤዎቹ በርቀት መነጽር እያዩ ቋንቋ ልናስተምራቸው እንችላለን ይባባላሉ። ከዚያ ፊልሙ ዘመናችን ላይ ይዘልና የሰው ሁሉ እናት የምትሆነው አጽም ታንዛኒያ ተገኘች ይላል፤ እሷም ከመርከብ የወረደችው ሕፃን ሄራ ናት።

ሮናልድ ሙር ተከታታዩን በጀመረበት በዚያው በ2003፣ አፋር ሄርቶ ላይ የተገኙት የራስ ቅሎች ለዓለም ይፋ ሆነው ነበር። ዕድሜያቸው ወደ 160 ሺህ ዓመት ነው። እንደኛው ሰው ናቸው። ድንቅነሽ የተገኘችባት ሐዳርም በ1967 ያኔ በአስተዳደር ወሎ ስር ነበረች። ስለዚህ ባቲን አልፎ ቁልቁል ወደ አዋሽ የሚያይ ሰው የጋላክቲካን መጨረሻ ሲያይ የሚጠይቀው ቀላል ነው። እዚያ የነበሩት እኮ እኛ ነን፤ እነዚህ ምን ሊያስተምሩን መጡ? ከ1978ቱ መርከብ ሁለቱ ጥቁር መኮንኖች ከወረዱ በኋላ በዚህኛው መጨረሻ ላይ ጥቁር ሰዎች በብዛት የሚታዩት ያለ አንድ ቃል፣ ሳር ውስጥ ነው። ጸሐፊዎቹ ይህንን አስበው አደረጉት አልልም። አለማሰባቸው ነው ችግሩ።

ሦስተኛው ቢመጣ

በ2019 ፒኮክ የሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ፊልም ማሠራጫ ሳም ኢስሜይል በሚመራው ቡድን ሌላ ጋላክቲካ እንደሚሠራ ተነግሮ ነበር። በ2024 ፒኮክ ተወው። ሌላ ወሳጅ ሊገኝ ይችላል፤ ሆሊውድ እንዲህ ያለ ስም መሬት ላይ ወድቆ አይቶ አያልፍም። ያን ጊዜ ጭቅጭቁ ከየት እንደሚጀምር ከአሁኑ ይታወቃል። አዳማ ማን ይሁን? ስታርባክስ ወንድ ትሁን ሴት? መርከቧ ምን ትምሰል?

በ2007 የታየ አንድ ክፍል አለ፤ ብዙ አድናቂ የመሙያ ነው ብሎ የሚዘለው። ነዳጅ የሚያጣራ መርከብ ላይ ነው። ሠራተኞቹ ዓመታት ሙሉ ያለ እረፍት፣ ያለ ተተኪ ይሠራሉ። ልጆቻቸው ጭምር ማሽን ላይ ገብተዋል። ማን የት እንደሚሠራ የሚወስነው ከጥፋቱ በፊት ከየትኛው ፕላኔት እንደመጣህ ነው። ገበሬ የነበረ ወደ ነዳጁ፣ ከሀብታሞቹ ፕላኔት የመጣ ወደ አብራሪነቱ። ታይሮል ሥራ ማቆም አድማ ይመራል። አዳማ ሚስቱን አስረሽናለሁ ብሎ ያስፈራራዋል። አድማው ይቆማል፣ ሮዝሊን ትንሽ ታሻሽላለች። በሚቀጥለው ክፍል ካሜራው ወደ ጋላክቲካ ይመለሳል።

ያ መርከብ ሁልጊዜ እዚያው ነበር። 50 ሺህ ተብሎ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ሕዝብ የሚኖረው እንደዚያ ባሉ መርከቦች ውስጥ ነው። በአራት ሲዝን ውስጥ ግን የምናውቀው የመኮንኖቹን አልጋ ነው። ሦስተኛውን የሚሠራ ሰው ከጋላክቲካ ይውረድና ነዳጅ መርከቡ ላይ ይጀምር። አዳማን በሬድዮ ብቻ እንስማው።